የቀን ገቢ ግምት፦ ከሱቁ ደጃፍ እስከ ወረዳው ግምጃ ቤት

ሐምሌ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአዲስ በጀት ዓመት መባቻ ነው። ለአነስተኛ ነጋዴዎች ደግሞ ሐምሌ ለረጅም ዓመታት የግብር ወር ሆኖ ኖሯል። የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያልነበረባቸው የደረጃ “ሐ” ግብር ከፋዮች የዓመቱን ግብር ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አጠናቀው እንዲከፍሉ ሕጉ ያዝዝ ስለነበር፣ የወረዳ የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች በክረምቱ ዝናብ መሀል በባለጉዳዮች ሲጨናነቁ ማየት የተለመደ ነበር።

በዚያ ሰልፍ ላይ የሚቆመው ባለሱቅ፣ ባለጉልት፣ ልብስ ሰፊ ወይም ባለወፍጮ የሚከፍለውን ገንዘብ የሚወስነው በዋናነት አንድ ቁጥር ነው። ይኸውም “የቀን ገቢ ግምት” እየተባለ የሚጠራው ቁጥር ነው። የግብር ማስከፈያው ምጣኔ በአዋጅ ተወስኖ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ ስለሆነ ማንም ሊያነበው ይችላል። ግምቱ ግን የሚወጣው በየሱቁ ደጃፍ ላይ በሚቆሙ የኮሚቴ አባላት እጅ ነው። በመሆኑም የአነስተኛ ነጋዴዎች የግብር ጥያቄ ሲነሣ ዋናው ጉዳይ ምጣኔው ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ሳይሆን፣ ግምቱ እንዴት እንደተገኘ፣ ለነጋዴው እንዴት እንደተገለጸና ስሕተት ሲኖር በምን መንገድ እንደሚታረም ነው።

የሥልጣን ክፍፍሉ

የአነስተኛ ነጋዴዎች ግብር በዋናነት የክልልና የከተማ አስተዳደር ጉዳይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 በክልላቸው ውስጥ በግል በሚነግዱ ነጋዴዎች ላይ የንግድ ትርፍ ግብርና የሽያጭ ታክስ የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣንን ለክልሎች ሰጥቷል። በዚህም መሠረት ክልሎች የየራሳቸውን የገቢ ግብር ሕግ አውጥተው የሚሠሩ ሲሆን፣ ይዘታቸው በአብዛኛው ከፌዴራሉ አዋጅ ጋር ተመሳሳይ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በቻርተሩ መሠረት በከተማዋ በግል ከሚነግዱ ነጋዴዎች ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን አለው።

ይህ ክፍፍል ተግባራዊ ትርጉም አለው። ከአንድ ከተማ ሱቆች የሚሰበሰበው ግብር ለዚያው ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር ገቢ የሚሆን በመሆኑ፣ ለጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ ለመምህሩ ደመወዝና ለውስጥ ለውስጥ መንገዱ ጥገና ከሚውለው ገንዘብ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። በሌላ በኩል ግምቱን የሚያወጡትና ቅሬታውን የሚሰሙት ሠራተኞች ከነጋዴው ጋር በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ፣ ከእርሱም ዕለታዊ ፍጆታቸውን የሚሸምቱ ናቸው። ስለሆነም ፍትሐዊ ግምት የገቢ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን አስተዳደሩ በነዋሪው ዘንድ ያለውን አመኔታ የሚነካ ጉዳይ ነው።

ደረጃዎቹ እንዴት ተለዋወጡ

በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286/1994 የንግድ ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃዎች መድቦ ነበር። ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢያቸው 500 ሺህ ብርና ከዚያ በላይ የሆኑ ነጋዴዎችና በሕግ የሰውነት መብት የተሰጣቸው ድርጅቶች በደረጃ “ሀ”፣ ከ100 ሺህ እስከ 500 ሺህ ብር የሆኑት በደረጃ “ለ”፣ እስከ 100 ሺህ ብር የሆኑት ደግሞ በደረጃ “ሐ” ይመደቡ ነበር። ሁለቱ የላይኛዎቹ ደረጃዎች የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ሲኖርባቸው፣ ደረጃ “ሐ” ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ሆኖ በቁርጥ ግብር ይስተናገድ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሦስቱን ደረጃዎች እንዳሉ አቆይቶ የገንዘብ ጣሪያቸውን ከፍ አድርጓል። በዚህ አዋጅ ደረጃ “ሀ” ከ1 ሚሊዮን ብር ጀምሮ፣ ደረጃ “ለ” ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ብር፣ ደረጃ “ሐ” ደግሞ ከ500 ሺህ ብር በታች እንዲሆን ተደርጓል። ከግብር ነፃ የሆነው ዓመታዊ የንግድ ትርፍም ከ1 ሺህ 800 ብር ወደ 7 ሺህ 200 ብር ከፍ ብሏል።

ከሁሉም በኋላ በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደረጃ “ሐ”ን አስቀርቷል። ደረጃዎቹም ሁለት ብቻ ሆነው፣ ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢያቸው 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆኑት በደረጃ “ሀ”፣ ከዚያ በታች የሆኑት በደረጃ “ለ” እንዲመደቡ ተወስኗል።

ጣሪያዎቹን ወደ ዕለታዊ ሽያጭ መልሶ ማየት ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ሱቅ በዓመት 300 ቀናት ይሠራል ቢባል፣ የ1994ቱ የ100 ሺህ ብር ጣሪያ በቀን 333 ብር ገደማ ሽያጭ ማለት ነበር። የ2008ቱ የ500 ሺህ ብር ጣሪያ በቀን ወደ 1 ሺህ 667 ብር፣ የ2017ቱ የ2 ሚሊዮን ብር ጣሪያ ደግሞ በቀን ወደ 6 ሺህ 667 ብር ይሆናል። በሁለቱ የቅርብ ጊዜ አዋጆች መካከል 9 ዓመታት ያለፉ ሲሆን፣ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የሸቀጦች ዋጋ በእጅጉ ንሯል። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ እንደነበር ይታወሳል። የሚሸጠው ዘይትና ስኳር ብዛቱ ሳይጨምር ዋጋው ብቻ በመወደዱ የነጋዴው ሽያጭ በብር ሲተመን ከፍ ይላል። በዚህም ምክንያት ንግዱ ያልሰፋ ነጋዴ የደረጃውን ጣሪያ ሊያልፍ ችሏል።

“ገቢ” የሚለው ቃል ያስከተለው ብዥታ

የግምቱ አሠራር በመሠረቱ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ የነጋዴው የአንድ ቀን አማካይ ሽያጭ ይገመታል። ቀጥሎ ይህ ቁጥር በዓመቱ የሥራ ቀናት ተባዝቶ ዓመታዊ ሽያጩ ይታወቃል። በመጨረሻም በየንግድ ዘርፉ በተቀመጠው የትርፍ ምጣኔ አማካይነት ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ይሰላና በአዋጁ ምጣኔ መሠረት ግብሩ ይወሰናል።

እዚህ ላይ የአብዛኛው አለመግባባት ምንጭ የሆነ አንድ ጉዳይ አለ። ኮሚቴው የሚገምተው የቀኑን ጠቅላላ ሽያጭ ሲሆን፣ የሥራው መጠሪያ ግን “የቀን ገቢ ግምት” ነው። በሕጉ ቋንቋ “ጠቅላላ ገቢ” ወጪ ያልተቀነሰለት የሽያጭ ድምር ማለት ነው። በዕለት ተዕለት አነጋገር ግን “ገቢ” ሲባል ሰው የሚረዳው ከወጪ የተረፈውንና ወደ ቤት የሚገባውን ገንዘብ ነው። “የቀን ገቢህ 1 ሺህ 600 ብር ነው” የሚል ወረቀት የደረሰው ባለሱቅ፣ መንግሥት በቀን 1 ሺህ 600 ብር ታተርፋለህ ያለው ይመስለዋል። ከዚህም አልፎ ቁጥሩን በቀን የሚከፈል ግብር አድርገው የተረዱ ነጋዴዎች ነበሩ።

ይህ ብዥታ በቃል ማብራሪያ ብቻ የሚጠራ አይደለም። የሚሰጠው የማሳወቂያ ወረቀት የቀን ሽያጩን፣ የሥራ ቀናቱን፣ የትርፍ ምጣኔውን፣ የተጣራ ትርፉንና የሚከፈለውን ግብር በየረድፉ ለይቶ የሚያሳይ ካልሆነ፣ ነጋዴው የሚያየው አንድ ትልቅ ቁጥር ብቻ ይሆናል።

ስሌቱ በሦስት ሱቆች

የግምት ስሕተት ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሦስት የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቆችን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ሁሉም በዓመት 300 ቀናት ይሠራሉ፤ ለምሳሌው እንዲያመች የሁሉም የትርፍ ምጣኔ 15 በመቶ ነው ይባል። ስሌቱ የሚከተለው በ2008ቱ አዋጅ የተቀመጡትን የግብር ምጣኔዎች ነው።

የመጀመሪያው ሱቅ በትክክል በቀን 800 ብር ይሸጣል፤ ግምቱም 800 ብር ነው። ዓመታዊ ሽያጩ 240 ሺህ ብር፣ ትርፉ 36 ሺህ ብር ይሆናል። በአዋጁ መሠረት የገቢ ግብሩ 3 ሺህ 690 ብር ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገቡ ነጋዴዎች በዚያን ጊዜ በዕቃ ሽያጭ ላይ 2 በመቶ ተርን ኦቨር ታክስ ይከፍሉ ስለነበር፣ 4 ሺህ 800 ብር ይጨመርበታል። ጠቅላላ ክፍያው 8 ሺህ 490 ብር፣ ማለትም ከትርፉ 24 በመቶ ያህል ይሆናል።

ሁለተኛው ሱቅ በትክክል በቀን 1 ሺህ 600 ብር ይሸጣል፤ ግምቱ ግን 800 ብር ነው። ትርፉ 72 ሺህ ብር ሆኖ ሳለ የሚከፍለው ያንኑ 8 ሺህ 490 ብር ነው። ይህም ከትርፉ 12 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ሦስተኛው ሱቅ እንደ መጀመሪያው በቀን 800 ብር ብቻ ይሸጣል፤ ግምቱ ግን 1 ሺህ 600 ብር ሆኖ ወጥቷል። በወረቀት ላይ ዓመታዊ ሽያጩ 480 ሺህ ብር፣ ትርፉ 72 ሺህ ብር ነው። የገቢ ግብሩ 11 ሺህ 220 ብር፣ ተርን ኦቨር ታክሱ 9 ሺህ 600 ብር፣ በድምሩ 20 ሺህ 820 ብር ይሆናል። እውነተኛ ትርፉ 36 ሺህ ብር በመሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ 58 በመቶ ያህሉ፣ ለግብር ይሄዳል።

ከዚህ ስሌት ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ ግምቱ እጥፍ ሲሆን የገቢ ግብሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጨምራል። ምክንያቱም ትርፉ ከፍ ባለ ቁጥር ከፍ ያለ ምጣኔ ስለሚያርፍበት ነው። ሁለተኛ፣ በሽያጭ ላይ የሚጣለው ታክስ ነጋዴው አተረፈም አላተረፈም የሚከፈል በመሆኑ ለአነስተኛ ነጋዴ ከገቢ ግብሩ ይበልጥ ሊከብድ ይችላል። በሕጉ አስተሳሰብ ተርን ኦቨር ታክስን ነጋዴው ከገዢው ተቀብሎ ለመንግሥት የሚያስገባው ቢሆንም፣ ከጉሊት ገበያ ጋር የሚወዳደር ባለሱቅ በዋጋው ላይ ሊጨምረው ስለማይችል ብዙውን ጊዜ ከራሱ ኪስ ይሸፍነዋል። ሦስተኛ፣ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሱቆች እየተያዩ የሚውሉ በመሆናቸው ሁለተኛው ሱቅ ያመለጠው ግብር ለሦስተኛው ባለሱቅ የተሰወረ አይደለም። በርካታ ነጋዴዎች ቅሬታቸውን ሲያሰሙ “በዛብኝ” ከሚለው ይልቅ “ከጎረቤቴ በምን ተለየሁ” የሚለውን የሚያስቀድሙት ለዚህ ነው።

የ2009 ዓ.ም. ተሞክሮ

ጉዳዩ በአገር አቀፍ ደረጃ ጎልቶ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። አዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ ሥራ ላይ መዋሉን ተከትሎ፣ ለዓመታት ሳይከለስ የቆየው የቀን ገቢ ግምት በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ክልል ከተሞች በስፋት እንዲጠና ተደረገ። ውጤቱ ለነጋዴዎች ሲገለጽ ብዙዎቹ ከቀደመው ጋር የማይነጻጸር ጭማሪ አገኙ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አምቦና ወሊሶን ጨምሮ በአንዳንድ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ተቃውሞ መቀስቀሱ፣ በአዲስ አበባም በየወረዳው ቅሬታ አቅራቢዎች መብዛታቸው ይታወሳል።

በወቅቱ የግብር አስከፋዩ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ግምቱ ሽያጭን እንጂ ትርፍን የማያመለክት መሆኑን ደጋግመው ለማስረዳት ተገድደው ነበር። ማብራሪያው ትክክል ቢሆንም የመጣው ግምቱ ከተገለጸ በኋላ ነው። የአዋጁ ለውጥ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ጥቅም የሚያስገኙ ድንጋጌዎችም ነበሩት። ከግብር ነፃ የሆነው መጠን በአራት እጥፍ ከፍ ብሏል፤ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የሚጀምርበት ጣሪያም በአምስት እጥፍ አድጓል። ይሁን እንጂ እነዚህ ማሻሻያዎች በግምቱ ጭማሪ ተሸፍነው ሳይታዩ ቀሩ።

ከዚህ ተሞክሮ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ግምት ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲከለስ፣ የዓመታቱ ጭማሪ ሁሉ በአንድ ሐምሌ በነጋዴው ላይ ያርፋል። በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የሚደረግ ክለሳ ለአስተዳደሩ ተጨማሪ ሥራ ቢሆንም፣ ለነጋዴው ሊታቀድ የሚችል ለውጥ ይሆንለታል።

የገማቹና የነጋዴው አጣብቂኝ

ግምት የሚያወጣው ሠራተኛ ሥራው ቀላል አይደለም። ሱቁ ደጃፍ ደርሶ የሚያየው በመደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ፣ የቤቱን ስፋት፣ የመንገዱን እንቅስቃሴና የሠራተኛውን ቁጥር ነው። በደመወዝ ሰሞን የተጎበኘ ሱቅና በወሩ አጋማሽ የተጎበኘ ሱቅ የተለያየ ገጽታ አላቸው። ለበዓል ዋዜማ የተከማቸ ዕቃ የዓመቱን ሽያጭ አያመለክትም። በጾም ወራት ሥጋ ቤት፣ በክረምት የግንባታ ዕቃ መደብር ገበያቸው ይቀዘቅዛል። ነጋዴው ደግሞ ገማች መምጣቱን ሲሰማ ዕቃውን ማሸሽ፣ አልፎ አልፎም ሱቁን ዘግቶ መዋል ይቀናዋል። በዚህ ሁኔታ የሚገኘው ቁጥር የሁለት ወገን ጥርጣሬ ውጤት ይሆናል።

ነጋዴው ያለ ግምት በራሱ መዝገብ ግብሩን ቢያሳውቅ የተሻለ እንደሆነ ሁሉም ይስማማል። ሆኖም አነስተኛው ነጋዴ መዝገብ ለመያዝ የሚያስፈልገው ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ አይደለም። ዕቃውን የሚያመጣለት ጅምላ ሻጭ ደረሰኝ ካልሰጠው፣ የግዢ ወጪውን የሚያረጋግጥበት ማስረጃ አይኖረውም። በ2000 ዓ.ም. የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በሥራ ላይ መዋል ከጀመረ ወዲህ በርካታ ነጋዴዎች ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ውስጥ የገቡ ቢሆንም፣ በጅምላ ገበያው ያለ ደረሰኝ የሚካሄደው ግብይት አልቆመም። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠናከር በርካታ ሱቆች ለቀናት መዘጋታቸው፣ ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ አሳይቷል።

ደረሰኝ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው። አስመጪው ለጅምላ ሻጩ፣ ጅምላ ሻጩም ለቸርቻሪው ካልሰጠ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለው ባለሱቅ የሚይዘው መዝገብ ግማሽ ብቻ ይሆናል። ቁጥጥሩ ከቸርቻሪው ጀምሮ ወደ ላይ ሲወጣ ደካማውን ይጫናል፤ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ሲወርድ ግን ለቸርቻሪው ማስረጃ ያስገኝለታል።

ግምቱ ከግብሩ ባሻገር

የቀን ገቢ ግምት የሚወስነው የግብሩን መጠን ብቻ አይደለም። ግምቱ ነጋዴውን ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላ ሲያሸጋግረው ግዴታውም አብሮ ይለወጣል። በ2008ቱ አዋጅ 500 ሺህ ብርን ያለፈ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ የመያዝና የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የመጠቀም ግዴታ ይመጣበት ነበር። ለዚህም የሒሳብ ባለሙያ አገልግሎትና የመሣሪያ ግዢ ወጪ ያስፈልገዋል። እነዚህ ወጪዎች ለባለትልቅ መደብር ጥቂት ሲሆኑ፣ ደረጃውን በጥቂት ሺህ ብር ላለፈ ባለሱቅ ግን ከግብሩ የማይተናነሱ ናቸው።

በሌላ በኩል የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ እንዲታደስ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የደነገገ ሲሆን፣ ለዕድሳቱ ከግብር ዕዳ ነፃ የመሆን ማስረጃ፣ በተለምዶ “ክሊራንስ” የሚባለው፣ ይጠየቃል። በግምቱ ላይ ቅሬታ ያለው ነጋዴ ጉዳዩ እስኪፈታ ድረስ ክሊራንስ ካላገኘ ፈቃዱ ሳይታደስ ይቀራል። ፈቃድ የሌለው ነጋዴ ደግሞ ወይ ሱቁን ይዘጋል፣ ወይ ከመዝገብ ውጪ ሆኖ መነገዱን ይቀጥላል። በሁለቱም መንገድ አስተዳደሩ አንድ ግብር ከፋይ ያጣል፤ የአካባቢው ነዋሪም በአቅራቢያው የሚሸምትበትን ሱቅ ወይም በሕጋዊ መንገድ የሚጠየቅ ሻጭ ያጣል።

አገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት አንጻር ሲታይ በቅርብ ዓመታት ከ10 በመቶ በታች ሆኖ መቆየቱ ይታወቃል። ይህን ከፍ ለማድረግ የግብር መሠረቱ መስፋት እንዳለበት አያጠያይቅም። የግብር መሠረት የሚሰፋው ግን ነጋዴዎች በመዝገብ ውስጥ ሲቆዩ ነው። ከአቅም በላይ በሆነ ግምት ለአንድ ዓመት የተገኘ ጭማሪ ነጋዴውን ከመዝገብ የሚያስወጣ ከሆነ፣ ትርፉ ጊዜያዊ፣ ኪሣራው ግን ዘላቂ ይሆናል።

ቅሬታ የሚቀርብበት መንገድ

ስሕተት የማይገኝበት ግምት የለም። በመሆኑም የግምት ሥርዓት ፍትሐዊነት የሚመዘነው በቅሬታ አፈታቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በታክስ ውሳኔ ያልተስማማ ግብር ከፋይ ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ለግብር አስከፋዩ መሥሪያ ቤት ቅሬታውን እንዲያቀርብ ፈቅዷል። በዚያ በተሰጠው መልስ ካልረካ በ30 ቀናት ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ማቅረብ የሚችል ሲሆን፣ ለዚህም በክርክር ላይ ካለው ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ እንዲከፍል ይጠበቅበታል። ከኮሚሽኑ ቀጥሎ ጉዳዩ በይግባኝ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ለትልቅ ድርጅት ይህ መንገድ የሚታወቅ ነው። የሕግ አማካሪም የሒሳብ ባለሙያም አለው። ሱቁን ብቻውን የሚጠብቅ ነጋዴ ግን ለቅሬታ በሄደበት ቀን ሱቁን ይዘጋል። የቀኖቹን ቆጠራ ካላወቀ ጊዜው ያልፍበታል፤ የክርክሩን ግማሽ ገንዘብ ማስያዝም ይከብደዋል። ስለዚህ ለአነስተኛ ነጋዴ እውነተኛው ይግባኝ ሰሚ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። በዚያ ደረጃ ያልታረመ ስሕተት በአብዛኛው ሳይታረም ይቀራል።

የወረዳው ቅሬታ ሰሚ አካል ሥራውን በአግባቡ እንዲያከናውን ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው፣ ግምቱን ካወጣው ኮሚቴ የተለየ መሆን አለበት። የራሱን ቁጥር የሚመረምር ኮሚቴ ቁጥሩን ለመከላከል ማዘንበሉ አይቀርም። ሁለተኛው፣ ገማቹ ግምቱን ያወጣበት ምክንያት በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል። ሱቁ የተጎበኘበት ቀን፣ የታየው ዕቃ ዓይነትና መጠን፣ ለንጽጽር የተወሰዱት ተመሳሳይ ሱቆች በመዝገብ ካልተያዙ፣ ቅሬታ ሰሚው የሚመረምረው ማስረጃ ስለማይኖር የነጋዴውን ቃል ከገማቹ ቃል ጋር ከማመዛዘን ያለፈ ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ከአዲሱ አዋጅ በኋላ

የ2017ቱ ማሻሻያ ደረጃ “ሐ”ን ማስቀረቱ የግምት ጉዳይ አበቃ የሚል ግንዛቤ ሊፈጥር ይችላል። ነገር ግን በአዲሱ አዋጅም አንድ ነጋዴ በደረጃ “ሀ” ወይም በደረጃ “ለ” የሚመደበው በዓመታዊ ጠቅላላ ገቢው መጠን ነው። ይህን መጠን የሚያሳይ የታመነ መዝገብ ከሌለ አንድ ሰው መገመቱ አይቀርም። የደረጃዎቹ ቁጥር ከሦስት ወደ ሁለት መቀነሱ አሠራሩን ቀለል የሚያደርግ ቢሆንም፣ የ2 ሚሊዮን ብሩን መስመር ከታችና ከላይ በጥቂቱ የሚዋሰኑ ነጋዴዎችን በተመለከተ የቁጥሩ ትክክለኛነት ከቀድሞው ያላነሰ ክብደት አለው።

በየወረዳው ያሉ የገቢዎች፣ የንግድና የአስተዳደር ሠራተኞች አዋጁን የማሻሻል ሥልጣን የላቸውም። ሥልጣናቸው ግን ቀላል አይደለም። ግምቱ ከመገለጹ በፊት ሽያጭ፣ ትርፍና ግብር የሚሉትን ቃላት ለይቶ ማስረዳት፣ ስሌቱን በረድፍ የሚያሳይ ወረቀት መስጠት፣ የቅሬታ ማቅረቢያ ቀኖችን በማሳወቂያው ላይ በጉልህ ማስፈር፣ ቅሬታ በሚታይበት ጊዜ የፈቃድ ዕድሳት እንዳይደናቀፍ ከንግድ ጽሕፈት ቤቱ ጋር መናበብ ሁሉም በእጃቸው ያለ ነው። ዕለታዊ ሽያጩን በተራ ደብተር የሚመዘግብ ነጋዴ ሲመጣም ደብተሩን “ሕጋዊ መዝገብ አይደለም” ብሎ ከመግፋት ይልቅ ከግምቱ ጋር አነጻጽሮ መመርመር፣ ሌሎች ነጋዴዎችም መመዝገብ እንዲጀምሩ ከማናቸውም ቅስቀሳ በላይ ያበረታታል።

በምሳሌው ከተጠቀሱት ሦስት ሱቆች መካከል የሦስተኛው ባለቤት ሱቁን ቢዘጋ ወረዳው በመዝገቡ ላይ ካሰፈረው 20 ሺህ 820 ብር አንዱንም አያገኝም። በትክክል ቢገመት ኖሮ ግን በየዓመቱ 8 ሺህ 490 ብር ይከፍል ነበር። የሁለተኛው ሱቅ ትክክለኛ ግብር 20 ሺህ 820 ብር በመሆኑ፣ በዝቅተኛ ግምት ምክንያት ወረዳው በየዓመቱ 12 ሺህ 330 ብር ያጣል። ፍትሐዊ ግምት ነጋዴውን ብቻ ሳይሆን ግምጃ ቤቱንም የሚጠቅም መሆኑን ከዚህ ቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል።